«ኦዲት» የሚለው ቃልና የጆሮ ድርሻ



«ኦዲት» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ምንጩ ላቲን ሲሆን፣ ሥረ ትርጉሙ «መስማት» ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ማንበብ የሚችለው ጥቂት ስለነበረ፣ የመኳንንቱ ምስለኔ ገቢና ወጪውን ጮክ ብሎ እያሰማ፣ አድማጩም እየጠየቀ ሒሳቡ ይወራረድ ነበር። በካምብሪጅ ኮሌጆች ለሒሳቡ ቀን ለብቻው የሚጠመቅ ጠንካራ ቢራም ነበር፤ ሙያው ይህን ልማድ አለመውረሱ ያሳዝናል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ያለ ፈተና ትምህርት ማዳመጥ እስከ ዛሬ በዚሁ ቃል ይጠራል።

አማርኛ ቃሉን እንዳለ ቢወስደውም፣ «ሒሳብ ምርመራ» የሚለው አቻው ወደ ዓይን ያደላል፤ መርማሪውንም ከወረቀት ጋር ያስቀረዋል። ሞዴል 19 ዕቃው መግባቱን ይመሰክራል እንጂ በምን ሁኔታ እንደገባ አይናገርም። ይህን የሚያውቀው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ እርሱን ግን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ብዙ ጊዜ አይገኝም።