ሽንፈት የማን ነው? ስለ ኮከብ አትሌቶችና ስለ ወቀሳ ድርሻ



የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ጥያቄውን በቀጥታ አቀርባለሁ። አንድ ቡድን ሲሸነፍ፣ ከቡድኑ አባላት ስሙ የገነነው አትሌት በሽንፈቱ ምን ያህል ሊወቀስ ይገባዋል? ጥያቄው የሻይ ቤት ወግ ሊመስል ይችላል። እኛ ግን ያለነው አርሲ ውስጥ ነው። አሰላ ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ባፈሩበት አገር፣ በሩጫ መሸነፍ የአንድ ሰው የግል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ከእናንተም መካከል ነገ አሠልጣኝ፣ የስፖርት መምህር ወይም ጋዜጠኛ የምትሆኑ ብዙ ናችሁ። ስለ ሽንፈት የምትሰጡት ፍርድ የአንድን ወጣት ዕድሜ ሊወስን ይችላል። ይህን የምለው ከራሴ ታሪክ ተነሥቼ ነው።

ያደግሁት በኦጎልቾ ነው። ኦጎልቾ ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ በኩል ሲወረድ የምትገኝ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት። የደጋ ልጆች ስላልነበርን በሩጫ ብዙ አንጠበቅም ነበር። በስምንተኛ ክፍል ሳለን ግን አንድ ጓደኛዬ ከሁላችንም የተለየ ሯጭ ሆኖ ወጣ። በእርሱ ምክንያት ትምህርት ቤታችን ስድስት ተማሪዎች ይዞ አሰላ ላይ በተደረገ የአገር አቋራጭ ውድድር ተካፈለ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ከስድስቱ የአራቱ ደረጃ ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። ጓደኛዬ አንደኛ እንደሚሆን አልተጠራጠርንም። ዘጠነኛ ሆኖ ገባ። ቡድናችን በ3 ነጥብ ብቻ ተበልጦ ዋንጫውን አጣ። በአይሱዙ ተጭነን ወደ ኦጎልቾ ስንመለስ አንድም ሰው አላናገረውም። ከዚያ ዓመት በኋላም አልሮጠም።

ወደዚህ ታሪክ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ሦስት ቃላትን መለየት እፈልጋለሁ፤ መንስኤ፣ ኃላፊነትና ወቀሳ። መንስኤ ማለት ነገሩ ባይኖር ኖሮ ሽንፈቱ አይደርስም ነበር ማለት ነው። ኃላፊነት ማለት ነገሩን የመጠበቅ ግዴታ የማን ነበር የሚለው ነው። ወቀሳ ግን ከሁለቱም ይጠብቃል፤ ሰውየው ሌላ ነገር ማድረግ ይችል ነበርን? ያንን ባለማድረጉስ ለጓደኞቹ ያለበትን ግዴታ አጓድሏልን? በዕለት ተዕለት ንግግራችን ሦስቱን አንድ እናደርጋቸዋለን። በስታዲየሙ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ኮከቡ ስለሆነም ከመንስኤዎቹ ሁሉ ዓይናችን ላይ የሚያርፈው የእርሱ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚለው የአባቶች ብሂል የሚገልጸው ይህንኑ ነው።

በቅርብ ከምናውቀው እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2013 ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው እየተመራ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ አንድ የደርሶ መልስ ግጥሚያ ብቻ ቀርቶት ነበር። ተጋጣሚው ናይጄሪያ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ጎል ቀድመን መርተን፣ በኢማኑኤል ኤሜኒኬ ሁለት ጎሎች 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ሁለተኛው ጎል በጨዋታው ማብቂያ በፍጹም ቅጣት ምት የተገኘ ነበር። ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በማግሥቱ የሰማሁት ንግግር ሁሉ አጥቂዎቹ ለምን አላገቡም የሚል ነበር።

የዚያን ዓመት ጉዞ ግን ከመጀመሪያው እንመልከት። ቡድኑ ቦትስዋናን ባሸነፈበት ጨዋታ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ውጤቱ ተሰርዞ 3 ነጥብ አጣን። ያ ስሕተት በእግር ሳይሆን በወረቀት የተሠራ ነበር። የካርድ መዝገብ መከታተል የአጥቂ ሥራ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ምድቡን በአንደኛነት ጨርሶ በማለፉ ስሕተቱ ተረሳ። ባያልፍ ኖሮስ? ትልቁ መንስኤ ከሜዳ ውጭ በሆነ ነበር። ምናልባት ያን ጊዜም ወቀሳችን የሚያርፈው በምናውቃቸው አጥቂዎች ላይ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ወደ ሩጫ እንመለስ። የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ሩጫ በደንቡ የግል ውድድር ነው። በአገራችን ግን ሦስት ሆነው እንደ ቡድን የሚሮጡት፣ እንደ ቡድንም የሚፈረድባቸው ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ የሆነውን አስታውሱ። በ10,000 ሜትሩ ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ ጉዳት ይዞ ነበር የተሰለፈው። ወደ ኋላ ሲቀር ወጣቶቹ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ፍጥነታቸውን ቀንሰው እንዲደርስባቸው ዕድል ሰጡት። በመጨረሻ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆኑ። ወርቁ ስለ መጣ ያንን መጠበቅ ፍቅርና አክብሮት ብለን አወደስነው። ወርቁ ባይመጣ ኖሮ ያው መጠበቅ ምን ተብሎ ይጠራ ነበር? ድርጊቱ አንድ ነው፤ ሐሳቡም አንድ ነው፤ ስሙን የሚለውጠው ውጤቱ ብቻ ነው። ፈላስፎች የዕድል ሚና በሥነ ምግባር ፍርድ ውስጥ እያሉ የሚከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነው።

በዚያው ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ገሩዥ በ13፡14.39 ሲያሸንፍ ቀነኒሳ በ13፡14.59 ሁለተኛ ሆነ። ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ነበር። ኤል ገሩዥ የ1,500 ሜትር ንጉሥ ስለነበረ ዝግ ያለ ሩጫ ለእርሱ ይመች ነበር። ገብረእግዚአብሔር ገብረማርያም አራተኛ፣ ደጀኔ ብርሃኑ አምስተኛ ሆነው ገብተዋል። እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የቀነኒሳ የመጨረሻ 100 ሜትር አይደለም፤ ሩጫውን ከመጀመሪያው ማን ማፍጠን ነበረበት የሚለው ነው። ይህ የቡድን ዕቅድ ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ከሦስቱ ሯጮችና ከአሠልጣኞቻቸው አብረን መፈለግ ይገባናል። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የ10,000 ሜትር ወርቅና የ5,000 ሜትር ብር ያገኘን ሰው በ0.20 ሰከንድ መውቀስ ግን ሚዛን የሌለው ፍርድ ነው።

ዕቅድ ተይዞለትስ ቢሆን? እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ በሪሁ አረጋዊ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻና ሰለሞን ባረጋ እየተፈራረቁ ሩጫውን መርተው አፈጠኑት። የአቴንስን ትምህርት የተማሩ ይመስሉ ነበር። ዑጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ በ26፡43.14 አዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ በሪሁ በ26፡43.44 ሁለተኛ ሆነ። ዮሚፍ ስድስተኛ፣ ሰለሞን ሰባተኛ ወጡ። ሦስቱም ድርሻቸውን ተወጥተዋል፤ ተሸንፈዋልም። እንግዲህ ወቃሽ ያጣ ሽንፈት መኖሩን መቀበል አለብን። ተጋጣሚው በልጦ ማሸነፉ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ ይህንን የሚረሳ ተመልካች ሌሎች አገሮችም እንደሚለማመዱ የረሳ ነው።

ኮከብ አትሌት ፈጽሞ አይወቀስም እያልሁ አይደለም። ዝግጅቱን ቸል ያለ፣ የተስማማበትን ዕቅድ ያለ ምክንያት የጣለ፣ ጉዳቱን ደብቆ የሌላውን ቦታ የያዘ፣ አቅም እያለው የተወ፣ እነዚህ ሁሉ ወቀሳ ይገባቸዋል። እንዲያውም ስሙ በገነነ መጠን ሌሎቹ በእርሱ ላይ ስለሚደገፉ ግዴታው ይከብዳል። ግን ወቀሳው መረጃ ይፈልጋል። ምሩፅ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ ለ5,000 ሜትሩ ውድድር በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። ምክንያቱ በልዩ ልዩ መንገድ ሲነገር ኖሯል። አገሩ ሲመለስ የጠበቀው ግን ጥርጣሬ ነበር፤ ታስሮ እንደነበርም ይነገራል። ያው ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ በሞስኮ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ። ምሩፅ ተቋቁሞ ተመለሰ። ያልተመለሱትን ግን ታሪክ ስለማይመዘግባቸው ቁጥራቸውን አናውቅም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ። አትሌቱ ቡድኑ ሲያሸንፍ ዝናውንና ሽልማቱን ይወስዳል፤ ታዲያ ሲሸነፍ ወቀሳውንስ ለምን አይሸከምም? ሚዛኑ ትክክል ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ሆኖም መደምደሚያው ተቃዋሚዎቹ ወደሚፈልጉት አይወስድም። ሚዛኑ እውነተኛ ከሆነ፣ ድሉም ሙሉ በሙሉ የኮከቡ አልነበረም ማለት ነው። በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ በእያንዳንዱ ሜዳሊያ ውስጥ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 በማድሪድ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የእኛ ሯጮች ዙሩን ተሳስተው ከመጨረሻው ዙር በፊት ባለው ዙር ፍጻሜ የመሰላቸውን ሩጫ ሮጡ። መሐመድ ከድር ሁለተኛ ሲሆን አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን አሸነፈ። በቡድን ግን ዋንጫው የኢትዮጵያ ሆነ። ያንን ዋንጫ ያስገኘው የአንድ ሰው ደረጃ ሳይሆን የስድስት ሰዎች ድምር ነበር። በፓሪሱ ማራቶንም ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲቀር ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ተተክቶ በ2፡06፡26 የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ያን ቀን ወርቁን ያመጣው በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ያልነበረ ሰው ነው።

አሁን ወደ ኦጎልቾው ልጅ ልመለስ። የመምህርነት ሥራ ከጀመርሁ በኋላ ስለ ቡድን ነጥብ አቆጣጠር ሳስተምር ያንን ውድድር ምሳሌ አድርጌ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። ስደምር እጄ ቆመ። የቡድናችን አራተኛ ተቆጣሪ እኔ ነበርሁ። ወደ መጨረሻው ስንቃረብ ጓደኛዬ ወደ ኋላ መቅረቱን ከዳር ቆመው ከሚያዩት ሰማሁ፤ «እንግዲህ አለቀ» ብዬ እግሬን አላላሁ። በዚያች ጥቂት ርቀት አራት ልጆች አለፉኝ። የተሸነፍነው በ3 ነጥብ ነው። ቦታዬን ብጠብቅ ኖሮ ዋንጫው የእኛ ነበር።

በመንስኤ መጠን ከተለካ የእርሱ ይበልጣል፤ እርሱ ቢያንስ 8 ነጥብ፣ እኔ 4 ነጥብ አጉድለናል። በወቀሳ ከተለካ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እርሱ በዚያው ሳምንት ወባ ይዞት ነበር፤ መታመሙን የሚያውቁ ትልልቆች ናቸው «ያለ አንተ አይሆንም» ብለው ያሰለፉት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ለዚህ ምን መልስ አለው? እስከ መጨረሻው ሮጦ ከመስመሩ አልፎ ወደቀ። ጤነኛ ሆኜ የተውሁት እኔ ነኝ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ ከእኔ የሚጠበቅ ነገር ስላልነበረ ያጎደልሁትም አልታየም።

ባለፈው ክረምት ሄጄ ነገርሁት። ዛሬ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል፤ ልጆችም አሉት። ስሌቱን በወረቀት አሳየሁት። ረዥም ጊዜ አይቶ ሳቀ። በኦሮምኛ የመለሰልኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ፣ ስሌቱን ያኔ አናውቅም ነበር፤ እሱስ ይሁን። ግን እግርህን ማላላትህን ያኔም ታውቅ ነበር። መኪናው ላይ አንድ ቃል ብትናገር ይበቃኝ ነበር።»

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። እርሱን ከሩጫ ያስወጣው ዘጠነኛ መሆኑ አይመስለኝም፤ የቀረነው አምስታችን በዝምታችን ሽንፈቱን ሁሉ በእርሱ ትከሻ ላይ ጭነን መውረዳችን ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ስለ ሽንፈት ስትጽፉ ወይም ቡድን ይዛችሁ ስትሸነፉ፣ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ደምሩ። ማን ምን ያህል አጎደለ? ካጎደሉትስ መካከል ሌላ ማድረግ ይችል የነበረው ማን ነው? ማን አሰለፈው፣ ማን አቀደ፣ መዝገቡን የያዘው ማን ነበር? ይህን ጠይቃችሁ ወቀሳው አሁንም ኮከቡ ላይ ቢያርፍ በግልጽ ንገሩት፤ ከአክብሮት የሚመነጭ ወቀሳ ይሆናል። በድምሩ ውስጥ የራሳችሁን ቁጥር ካገኛችሁት ደግሞ ሌላ ሰው እስኪያገኘው አትጠብቁ። መኪናው ገና መንገድ ላይ ሳለ ተናገሩ።