የተሰረዘው አምበል

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ ከተደረጉት ንግግሮች አንዱ)



አዘጋጅ ኮሚቴው «አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ ደንግጬ ነበር። እኔ ባለሱቅ ነኝ። ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ሚዛን እንጂ ማይክራፎን ይዤ አላውቅም። «ስለምን ልናገር?» ብላቸው «የምታውቀውን» አሉኝ። እኔ የማውቀው በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ነው። ከዚያ ቀጥሎ የማውቀው ኳስ ነው። ስለዚህ ስለ ኳስ ልናገር ነው። ግን በመጨረሻ ወደ ማኅበራችን ጉዳይ ስለምመለስ ትንሽ ታገሡኝ።

ካርቱም ውስጥ ኖሮ ስለ ሂላልና ስለ መሪኽ ያልሰማ ሰው የለም። ሁለቱም የኦምዱርማን ክለቦች ናቸው። መሪኽ እ.ኤ.አ. በ1927፣ ሂላል ደግሞ በ1930 ተመሠረቱ። ሂላል ሰማያዊ ነው፤ ምልክቱም ጨረቃ ነው። መሪኽ ቀይና ቢጫ ነው፤ ምልክቱም ኮከብ ነው። መሪኽ በ1989 የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ወስዷል። ሂላል ደግሞ በ1987 እና በ1992 ለአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ተሸንፏል። ሱዳኖች የሂላሉን ደጋፊ «ሂላላቢ»፣ የመሪኹን «መሪኻቢ» ይሉታል። በአንድ ቤት አባት ሂላላቢ፣ ልጅ መሪኻቢ ይሆንና ጨዋታው ባለ ቀን እራት ለየብቻ ይበላል። እኛ ሐበሾችም ከዚህ አላመለጥንም። ልጆቻችን እዚህ ተወልደው አንዳቸው ሰማያዊ፣ አንዳቸው ቀይ ለብሰው አደጉ።

በነገራችን ላይ ልጆች ይህን ያዙ፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተደረገው እዚሁ ካርቱም ውስጥ በ1957 ነው። ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ብቻ ተካፈሉ። የእኛ ቡድን በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1962 ግን አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ወሰድን። ኳስ በእኛና በሱዳን መካከል የቆየ ዝምድና ነው።

አሁን ወደ 2012 ልውሰዳችሁ። ያ ዓመት ለእኛ ትልቅ ዓመት ነበር። መስከረም መግቢያ አካባቢ ዋልያዎቹ እዚህ መጥተው 5 ለ 3 ተሸነፉ። ሱዳናውያን ደንበኞቼ ለአንድ ወር ያህል «አምስት» እያሉ አምስት ጣታቸውን ሲያሳዩኝ ከረሙ። ጥቅምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡና 2 ለ 0 አሸነፍን። ከሜዳ ውጭ ባገባነው ጎል ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። ያን ሌሊት ሱቄን ክፍት አድርጌ አደርኩ። ጎረቤቶቼም አኩርፈው ቢቆዩም በማግሥቱ መጥተው «መብሩክ» አሉኝ።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ ጥቂት ሳምንታት በኋላ የሆነውን ነው።

በሱዳን በዓመቱ መጨረሻ የተጫዋቾች ምዝገባ የሚባል ወቅት ነበር። «ተስጂላት» ይሉታል። ክለቦች የማይፈልጉትን ተጫዋች ከመዝገብ ይሰርዛሉ፤ ይህን «ሸጥብ» ይሉታል። የተሰረዘ ሰው ነፃ ነው፤ የፈለገው ክለብ ይወስደዋል። በዚያ ወቅት ከተማው በሙሉ ሥራ ይፈታ ነበር። የስፖርት ጋዜጣ ከዳቦ በፊት ያልቅ ነበር።

አንድ ምሽት ሽሮ እየመዘንኩ ሳለ ጎረቤቴ ገባ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሂላላቢ ነው። ሱዳናዊ ሰላምታ እንዴት ረጅም እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እናት፣ አባት፣ ልጅ፣ ጤና፣ ሁሉ ይጠየቃል። ያን ቀን ግን ሰላም ሳይል ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ሰው የሞተበት መሰለኝ። «ምነው ወንድሜ?» ስለው፣ «ሀይተምን ሰረዙት» አለኝ።

ሀይተም ሙስጠፋ ማለት የሂላል አምበል የነበረ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያንን ሰማያዊ ማሊያ ለብሷል። ሕዝቡ «ብሪንስ» ይለዋል፤ ልዑል ማለት ነው። የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ነበር። በዚያው በ2012 መጀመሪያ ሱዳን በአፍሪካ ዋንጫ ቡርኪና ፋሶን 2 ለ 1 አሸንፋ ለሩብ ፍጻሜ ስትደርስ እሱ ነበር የሚመራት። ዕድሜው 35 ሆኖ ነበር። ከክለቡ አስተዳደርና ከአሰልጣኙ ጋር አልተስማማም ተባለ። ከዚያም ስሙ ተሰረዘ።

ሕዝቡ በዚህ ገና ሳይጽናና ሁለተኛው ወሬ መጣ። መሪኽ አስፈረመው። እንግዲህ አስቡት፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ አምበል ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ተባሮ በማግሥቱ የቡናን ማሊያ ቢለብስ አዲስ አበባ ምን ትሆናለች? ካርቱምም እንዲያ ሆነች። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ መሪኻቢ ነው፤ ለመንገደኛው ሁሉ ከረሜላ አደለ። ግን መሪኻቢዎቹም ሁሉ አልተደሰቱም። «ስንት ዓመት ሲያስለቅሰን የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ካረጀ በኋላ ለእኛ ምን ይሠራል?» የሚሉ ነበሩ። «መሪኽ በ2011 ግብ ጠባቂውን ዒሳም አል ሀዳሪን በ38 ዓመቱ አመጣ፤ የሽማግሌ መጦሪያ ሆንን ወይ?» እያሉም ይቀልዱ ነበር።

የእኔ ልጅ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሂላላቢ ነው። የሀይተምን ፎቶ ከግድግዳ ላይ ቀዶ አወረደና «ከሃዲ ነው» ብሎ ሊያቃጥለው ወደ ሱቅ ይዞት መጣ። እኔም «ልክ ነህ ልጄ፤ እንጀራ የበላበትን ቤት የከዳ ሰው ከሃዲ ነው» አልኩት።

ጎረቤቴ ታክሲ ነጂው ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አየኝና እንዲህ አለኝ፤ «ከሃዲው ማነው? የሄደው ነው ወይስ ሂድ ያለው?»

ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ። ያቺ ጥያቄ ለእኔም እንደምትሆን እሱ አያውቅም ነበር። እኔ ግን አወቅሁት። አሁን ለእናንተም ልናዘዝ።

ሱቁን ስከፍት አብሮኝ የከፈተ አንድ ሰው ነበረ። ጋሼ እለዋለሁ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ከጎንደር በኩል በመተማ ገብቶ ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት ሱዳን ኖሯል። አሥራ አራት ዓመት አብረን ሠራን። የማን ቤት በርበሬ ኮረሪማ እንደሚበዛበት፣ ማን ዱቤውን በወር መጨረሻ እንደሚከፍል፣ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ሁሉ በጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ደብተር አያስፈልገውም። ስልሳ ዓመት ሲሞላው ግን ዓይኑ ደከመ። ሚዛን ላይ መሳሳት ጀመረ። እኔም አንድ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ቀልጣፋ ወጣት አገኘሁ። ጋሼን ጠርቼ የአንድ ወር ደመወዝ ሰጠሁና «እንግዲህ ጋሼ፣ ብዙ ደክመዋል፤ ይረፉ» አልኩት። ደንበኞች ፊት አንድ ቃል ምስጋና አልተናገርኩም። አንድ ሲኒ ቡና እንኳ አላፈላሁለትም።

እሱ ግን አላረፈም። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለ ሌላ ሐበሻ ባለሱቅ ወሰደው። በር ላይ ወንበር ሰጥቶ አስቀመጠው። በሦስት ወር ውስጥ ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ወደዚያ ሄዱ። እኔም በየሄድኩበት ጋሼን «ከሃዲ» እያልኩ ስሙን አጠፋሁ። በዚሁ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ እንኳ ስንገናኝ ፊቴን አዞርኩበት። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» እያልኩ እተርት ነበር። ወርቁን ያበደረው ግን እሱ ነበር። ጠጠር የመለስኩት እኔ ነበርኩ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሂላል ተጫዋች የመለወጥ መብት የለውም ወይ? አለው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ሃያ አምስት ዓመቱ አይሮጥም። እኔም ሠራተኛ የመለወጥ መብት ነበረኝ፤ የተሳሳተ ሚዛን ደንበኛ ያስቀይማል። ጥፋቱ መለወጡ ላይ አይደለም፤ አሸኛኘቱ ላይ ነው። ሰውን ለብዙ ዓመት ተጠቅመህ በአንድ ቀን ስሙን ከሰረዝክ፣ ነገ ሌላ ቤት ስታየው ከሃዲ ለማለት ምን አፍ አለህ?

ሌላው ጥፋት ደግሞ የሰረዝከው ሰው ያለቀለት መስሎህ መሳሳትህ ነው። በአውሮፓ እንኳ አይተነዋል። ኤሲ ሚላን አንድሬያ ፒርሎን በ2011 በነፃ ለቀቀው፤ 32 ዓመቱ ነበር። ጁቬንቱስ ያለ ምንም ክፍያ ወሰደውና በመጀመሪያው ዓመት አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የጣልያንን ሊግ በላ። መሪኽም ሀይተምን ከወሰደ በኋላ በ2013 የሱዳንን ሊግ አሸነፈ። ያ በእርጅናው የተቀለደበት አል ሀዳሪ ደግሞ በ2018 የዓለም ዋንጫ ላይ በ45 ዓመቱ ለግብፅ ተሰልፎ ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ሲጫወት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነ። በዓለም ዋንጫ ታሪክ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ ተጫዋች ተሰልፎ አያውቅም። ያን ቀን ያንን ፀጉር አስተካካይ «የሽማግሌ መጦሪያ አላችሁ አይደል?» አልኩት። ሳቀ።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ለመሄድ ድፍረት እስካገኝ አራት ወር ፈጀብኝ። ኩራት ክፉ ነገር ነው። በመጨረሻ ቡናና ስኳር ይዤ ባለቤቴን አስከትዬ ቤቱ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ፣ ስላስወጣኸኝ አልተቀየምኩም። ዓይኔ መድከሙን ከአንተ በፊት እኔ አውቄዋለሁ። ግን ይረፉ አልከኝ። እኔ መች ዕረፍት ጠየቅሁህ?» ወደ እኔ ሱቅ እንዲመለስ ለመንኩት። እምቢ አለ። «እነዚህ ሰዎች ወንበር ሰጥተውኛል፤ ትቼያቸው ብመጣ ያኔ ነው ከሃዲ የምሆነው» አለኝ። ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በእነሱ ሱቅ የጠፋውን ጤፍ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ወደ እኔ ይልክልኝ ነበር።

ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ሁላችሁም የሆነውን ታውቃላችሁ። አላስታውሳችሁም። እኔና ቤተሰቤ ከካርቱም ስንወጣ ጋሼ አብሮን ነበረ። ሰባ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ዓይኑ ምንም አያይም ማለት ይቻላል። በየኬላው የእኔ ልጆች ሲንቀጠቀጡ እሱ በዚያ በለሰለሰ ዓረብኛው እየተናገረ አሳለፈን። ገዳሪፍ ስንደርስ የምናድርበት አልነበረንም። አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ድምፁን ሰምቶ አወቀውና ቤቱ አስገባን። ከብዙ ዓመት በፊት የእኛ ሱቅ ደንበኛ ነበረ። እኔ አላስታወስኩትም። ጋሼ ግን የልጆቹን ስም እየጠራ ጠየቀው። አምስት ቀን አበላን፣ አጠጣን፤ ከዚያ በመተማ በኩል አገራችን ገባን። እኔ አርጅቷል ብዬ የሰረዝኩት ጭንቅላት ነው ልጆቼን ያሳደራቸው።

አሁን ወደ ማኅበራችን እመጣለሁ።

ከዚህ በዓል በኋላ የኮሚቴ ምርጫ አለን። «አሮጌዎቹ ይውጡ፣ ወጣት ይግባ» የሚል ቃል በየሻይ ቤቱ ሰምቻለሁ። እኔ ወጣት ይግባ ባይ ነኝ። ከየአገሩ የተበተኑ አባሎቻችንን በስልክ እያገናኙ ያሰባሰቡት ወጣቶቹ ናቸው። አንጋፋዎቻችንም ቦታ የመልቀቂያ ጊዜን ማወቅ አለባቸው፤ አንድ ሰው እስኪሰረዝ ድረስ መጠበቅ የለበትም። ግን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሚወጣ የኮሚቴ አባል ሁሉ ስሙ እየተጠራ፣ የሠራው እየተነገረ፣ ቤተሰቡ ባለበት ይሸኝ። ከዚያም እንደ አማካሪ የሚቀመጥበት አንድ ወንበር ይኑረው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቡናና ፈንድሻ ይበቃዋል። ይህን ካላደረግን ነገ ሌላ ቦታ ሌላ ማኅበር ሲያቋቁሙ ከሃዲ እንዳንላቸው።

ሂላልና መሪኽም እንደ እኛ ተሰደዱ። ሜዳቸው ጦርነት ሲሆን በ2024/25 ሁለቱም በሞሪታንያ ሊግ ውስጥ በእንግድነት ተጫወቱ። ያ ሁሉ ዓመት የተጣሉ ክለቦች ባንድ የሰው አገር እንግዳ ሆኑ። ልጄ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል። ያንን ፎቶም በዚያች ምሽት አላቃጠለውም፤ ካርቱም ቤታችን ግድግዳ ላይ በፕላስተር ተጣብቆ ቀርቷል።

ጋሼ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጧል። «ስሜን ከጠራህ እወጣለሁ» ስላለኝ አልጠራሁትም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በደንበኞች ፊት ያልተናገርኩትን ዛሬ በእናንተ ፊት ልናገር፤ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሱቁን ያቆሙት እርስዎ ነበሩ።