ስለ መኪና ማቀዝቀዣና ስለ ሞተር ሚኒሞ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአንደኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን ብዙ ዓመት በአንድ ጋራዥ ጸሐፊ ሆኜ የባለ መኪኖችን አቤቱታና የመካኒኮቹን መልስ በካርድ ላይ ስጽፍ ስለ ኖርሁ፣ ጆሮዬ ብዙ ሰምቷል። በሙቀት ወራት ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ፣ «ማቀዝቀዣውን ስከፍት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል» የሚል ነበር።

ነገሩ እድራችንንም ይመለከታል። በዚህ በድሬዳዋ ሙቀት ለቀብር ስንወጣ፣ መኪኖቻችን አቅመ ደካሞችን ይዘው፣ ሞተራቸው ሳይጠፋ ማቀዝቀዣቸው ተከፍቶ ለረዥም ጊዜ ይቆማሉና።

ሚኒሞ የምንለው፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበትን ልክ ነው። በአብዛኛው አውቶሞቢል በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ዙር ይሆናል። ማቀዝቀዣው ደግሞ የሚሠራው በራሱ ጉልበት አይደለም። ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ያው ሞተሩ ነው፤ በቺንጋ ተያይዘዋል። ማቀዝቀዣውን ስትከፍቱ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰሙ የለም? ያን ጊዜ ኮምፕሬሰሩ በማግኔት ተይዞ መዞር ጀመረ ማለት ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. ሞዴል የአሜሪካው ፓካርድ መኪና ላይ ማቀዝቀዣ ሲገባ ይህ መያዣ አልነበረውም። ኮምፕሬሰሩን ለማቆም ሞተር አጥፍቶ ቺንጋውን መፍታት ነበረባቸው።

እንግዲህ ገበያ የቆመን ተሸካሚ አስቡ። በትከሻው ላይ ሌላ ኩንታል ሲጨመርበት ጉልበቱ ዝቅ ይልና መልሶ ቀጥ ይላል። ሞተርም እንዲሁ ነው። በፍጥነት ስንሄድ ጉልበት ስላለው ሸክሙ አይታወቅም፤ በሚኒሞ ሲሆን ግን ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ይሰማል። በካርቡራቶር የሚሠሩት የድሮ መኪኖች ነዳጁን ትንሽ የምትስብ መሣሪያ ይገጠምላቸው ነበር። በአዲሶቹ ኮምፒውተሩ አየርና ነዳጅ ይጨምራል። ከዚህ የተነሣ 750 የነበረው ዙር ወደ 850 ወይም 900 ከፍ ቢል ደግ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። ለአንድ አፍታ ዝቅ ብሎ ቢመለስም አትደንግጡ።

ዝቅ ብሎ ካልተመለሰ ወይም ከጠፋ ግን ምክንያት አለው። አንዳንዱ ባለ ሙያ ወዲያው ብሎኗን አዙሮ ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል። ይህ በሽታውን መሸፈን እንጂ ማዳን አይደለም። ማቀዝቀዣው ሲዘጋ ሞተሩ በከንቱ ይጮኻል፤ ነዳጅ ይበላል፤ አውቶማቲክ ማርሽ ያለውም መኪና ፍሬን ሲለቀቅ ወደ ፊት ይገፋል። ከርካሹ ጀምራችሁ አስፈትሹ፦ የአየር ማጣሪያው ቆሽሾ እንደሆነ፣ ካንዴላዎቹ አርጅተው እንደሆነ፣ የአየር መግቢያው በር ጥላሸት ይዞ እንደሆነ፣ አየር የሚያስገባ የተቀደደ ጎማ እንዳለ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚኬደው፤ ጋዙ ከልክ በላይ ከተሞላ ወይም ኩሽኔታው ከደረቀ ሸክሙ ይከብዳልና። አዲስ አበባ የሚመላለሱ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ እዚያ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። እዚህ ያልታየው ድካም እዚያ ይታያል።

ሌላው ሙቀት ነው። የማቀዝቀዣው ራዲያተር የሚቀመጠው ከሞተሩ ራዲያተር ፊት ስለሆነ ትኩሳቱን ወደ ኋላ ይልካል። መኪናው ሲቆም ነፋስ የለም፤ ተስፋው ማራገቢያው ብቻ ነው። ስለዚህ ቆማችሁ ስትጠብቁ ዓይናችሁ ከሙቀት መለኪያው አይራቅ። መርፌው ሲወጣ ማቀዝቀዣውን ዝጉ፤ ካልወረደ ሞተሩን አጥፉ። የጋለ ራዲያተር ክዳን እንዳትከፍቱ!

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ያለንን መኪና በጥንቃቄ መያዝ ያለብን ለዚህም ነው።

ከሁሉ የሚከብደውን ወደ መጨረሻ አመጣሁት። ማቀዝቀዣ ከፍቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ ሞተሩ እየሠራ በቆመ መኪና ውስጥ መተኛት ሰው ይገድላል። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ማርሚታው ተቀዶ ጭሱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ የተኛው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ። ልጆችንም በዚህ ሁኔታ ትታችሁ አትሂዱ። የቀብር አጀብ ልንሸኝ ሄደን ሌላ ቀብር ይዘን እንዳንመለስ።

እድራችን የተቋቋመው ለሞት ቢሆንም፣ የአባሎቹን ሞት ማዘግየት ይበልጥ የተወደደ ሥራ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጠን።