ሞተር ብስክሌትና የድንበር ማዶ መንገድ

ይህ ጽሑፍ በነዋሪዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ በኮሚቴው ስም የተነገረ ንግግር ነው። በዕለቱ ላልተገኛችሁ ጎረቤቶች በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲወጣ በተጠየቀው መሠረት ቀርቧል።



የተሰበሰብንበትን ጉዳይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የሞተር ጉዳይ ነው። ከሰፈራችን ልጆች አንዳንዶቹ ለዘመድ ሠርግ በሞያሌ በኩል እስከ ማርሳቢት በሞተር ብስክሌት ለመሄድ ተነሥተዋል። ከወላጆች ከፊሉ «እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም» ብሏል፤ ከፊሉ ደግሞ «የደረሰ ልጅ ታስሮ አይቀመጥም» ይላል። ነገሩ ወደ ማኅበሩ የመጣው እድሩንም ስለሚመለከት ነው። ሰው ማዶ ወድቆ ቢሰበር መኪና ተከራይቶ የሚሄደው፣ ከዚያም የከፋ ቢመጣ አስከሬን የሚያመጣው ያው የኛው እድር ነውና።

ደስታውን ትተን አደጋውን ብቻ ብንዘረዝር ወጣቶቹ ጆሮ አይሰጡንም፤ እውነትም አይሆንም። ሞተር ደስ ይላል። ከነገሌ ወጥቶ የሊበንን ሜዳ በማለዳ የሚያቋርጥ ሰው፣ ዳዋን ተሻግሮ ቀዩን አፈርና ከሰው ቁመት በላይ የቆመውን ኩይሳ እያየ የሚሄድ ሰው፣ በአውቶቡስ መስኮት ከሚያየው ጋር አንድ አይደለም። የዝናቡን ሽታ ዝናቡ ሳይደርስ ያገኘዋል። ዱብሉቅ ሲደርስ ከብቶቹን ወደ ኤላው የሚነዳውን እረኛ ቆሞ ሰላም ይላል፤ እረኛውም ይመልስለታል። መኪና ውስጥ ያለ ሰው ይህ ሁሉ ያልፈዋል። ሞያሌን አልፎ ደግሞ ሌላ ደስታ አለ። ፓስፖርት አሳይቶ ወደ ውጭ አገር የገባ ሰው ሶሎሎ ላይ ሲቆም «ነጋ» ብሎ በዚያው በቦረና አፍ ሰላምታ ይሰጣል፣ ወተትም ይቀርብለታል። አገሩ ሌላ ነው፤ ዘመዱ ግን ያው ነው። ከዚያም ያን ሁሉ ድንጋያማ የዲዳ ገልገሉ ሜዳ ጨርሶ ወደ ማርሳቢት ተራራ ሲወጣ በድንገት ብርድ፣ ጉምና ጥቅጥቅ ያለ ደን ያገኘዋል። ደኑ ውስጥ ዝሆን አለ። ታዲያ የሃያ ዓመት ልጅ ይህን ሰምቶ «አልሄድም» ይላል ብላችሁ ነው?

በነገራችን ላይ፣ ለኛ ማዶው ውጭ አገር እንደ ሆነው ሁሉ ለሌላው የኛ አገር ውጭ አገር ነው። ሞያሌ መንገድ ላይ ሻንጣ በሁለት ጎን የጫነ ትልቅ ሞተር ይዘው የሚያልፉትን ፈረንጆች ሁላችንም አይተናል። ከእነርሱ ስሙ የታወቀው ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአንዲት 500 ሲሲ ትራያምፍ ሞተር ከለንደን ተነሥቶ አራት ዓመት ዓለምን ዞረ፤ 45 አገሮችን ሲረግጥ በኢትዮጵያም አልፎ ነው ወደ ኬንያ የገባው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ያንኑ መንገድ ሊደግም ተነሣና ኬንያ ውስጥ እግሩ ተሰበረ። አስቡት፤ ያን ያህል ልምድ ያለው ሰው ነው። ደግሞም ተጠግኖ ጉዞውን ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ዩዋን መግሬገርና ቻርሊ ቡርማን የተባሉ ሁለት የፊልም ተዋንያን ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን ሲሄዱ ኢትዮጵያንና ኬንያን አቋርጠዋል። እነርሱን ግን የድጋፍ መኪኖች ይከተሏቸው ነበር። የኛን ልጆች የሚከተላቸው መኪና የለም፤ የሚከተላቸው የእናት ሐሳብ ነው።

እነዚህ እንግዶች በዚያ ሐሩር ወፍራም ጃኬትና ረጅም ቡት ጫማ አድርገው ሲያልፉ ልጆቻችን ይስቃሉ። እኛም ስቀናል። ነገር ግን ፈረንጁ ያን የለበሰው ለብርድ አይደለም። አስፋልት ላይ የተንሸራተተ ሰው ቆዳውን መንገዱ ላይ ትቶ እንደሚነሣ ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ቀድሞ ፒስታ እንኳ አይባልም ነበር። ድንጋይና አቧራ፣ ዝናብ ሲጥል ጭቃ፣ ከዚያም ላይ ሽፍታ፤ መኪኖች ተጠባብቀው በአጀብ ነበር የሚሄዱት። ዛሬ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው። የሞያሌው የጋራ የድንበር ጣቢያም በ2013 ዓ.ም. ተመርቆ የሁለቱ አገር ሠራተኞች በአንድ ቦታ ያስተናግዳሉ። መቼም ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ድሮ መንገዱ ራሱ ሰውን ቀስ ያሰኘው ነበር፤ አሁን ቀስ የሚያሰኝ ነገር የለም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተረኛ በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ግመሏን አይቶ እጁ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ያ ሰከንድ አልቋል። ግመል ደግሞ እግሯ ረጅም ነው፤ ሲመቷት ሰውነቷ ከላይ ይወድቃል። ስለ ሌሊት ጉዞ ምንም አንጨምርም፤ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ «አይሆንም» ብሏል።

ነፋሱንም አትናቁት። የማርሳቢት አውራጃ ነፋስ ከ300 በላይ ትልልቅ የነፋስ መዘውሮች ተተክለውበት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ነፋስ ነው። ሜዳው ላይ ከጎን ሲመጣ ቀላል ሞተርን ይገፋል። ከባድ መኪና ከፊት ሲመጣና ሲያልፍ ነፋሱ ለቅጽበት ቆሞ መልሶ ይመታል፤ ያን ጊዜ መሪውን ያላላ ሰው መንገዱን ይስታል።

ነገር ግን ኮሚቴውን ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበው ግመሉም ነፋሱም አይደለም። ግራና ቀኝ ነው።

ኬንያ በግራ ትነዳለች፤ እንግሊዞች ትተውት የሄዱት ሥርዓት ነው። ከጎረቤቶቻችን ሁሉ እንዲህ የምታደርገው እርሷ ብቻ ናት። በዶሎ በኩል ወደ ሶማሊያ የሚሻገር እንኳ እንደኛው በቀኝ ነው የሚሄደው። በዕድሜ የገፋችሁ አባቶች ታስታውሱ እንደ ሆነ እኛም ቀድሞ በግራ ነበርን፤ ወደ ቀኝ የዞርነው በ1956 ዓ.ም. ነው። ታዲያ «ይህን ማን ያጣዋል? ሞያሌ በር ላይ ሰሌዳ አለ» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በሩ ላይ ማንም አይሳሳትም። ሰው በሩ ላይ ፈርቶ፣ ተጠንቅቆ፣ የፊተኛውን መኪና ተከትሎ ነው የሚገባው። አደጋው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ልጁ ሻይ ጠጥቶ፣ ቤንዚን ቀድቶ፣ ልቡ ረግቶ ከማደያው ሲወጣ መንገዱ ባዶ ነው። የሚከተለው መኪና የለም። እጁ ነገሌ የለመደውን ያደርጋል፤ ቀኙን ይይዛል። አንድ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ደኅና ይሄዳል። ከዚያ ጠመዝማዛው ላይ ሚራ የጫነ ፒክአፕ ሲበር ይመጣል፤ ሚራ ማለት የእነርሱ ጫት ነው፣ ጫት የጫነ ሾፌር ደግሞ እዚህም እዚያም አንድ ነው፣ ሳይጠወልግ ለማድረስ ይከንፋል። ሾፌሩ መንገዱ ላይ ነው፤ ልጃችን ግን የሰው መንገድ ላይ ነው።

አስጨናቂው ሰዓት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ከማደያ፣ ከሻይ ቤት፣ ከሠርግ ቤት ወጥቶ ባዶ መንገድ ላይ ሲነሡ፣ ይልቁንም በማለዳ። ለመቅደም ሲወጡና ሲመለሱም እንዲሁ ነው። አደባባይ ላይ መዞሪያው የተገላቢጦሽ ነው። በእግር መንገድ የሚሻገር ሰው እንኳ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ማየት አለበት። ከሳምንት በኋላ ወደ አገር ሲመለሱም ነገሩ ይደገማል፤ እጅ በሳምንት ግራውን ለምዷልና መጠንቀቁ ከሞያሌ በኋላም እስከ ሜጋ፣ እስከ ያቤሎ ይቀጥላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። በግራው እጀታ ላይ፣ ፍሪሲዮኑ ባለበት በኩል፣ ቀይ ጨርቅ ይታሰር። ሞተሩ በቆመ ቁጥርና ከመነሣቱ በፊት ከኋላ የተቀመጠው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ግራ!» ይበል፤ ነጂውም «ግራ!» ብሎ ይመልስ። ይህን ሳይባባሉ ማርሽ አይገባም። ሞኝነት ይመስላል፤ ይምሰል! የሚስቅባቸው ቢኖር እነርሱም አብረው ይሳቁ።

ስለ ራስ ቁር፣ ወጣቶቹ ሄልሜት ስለሚሉት፣ ብዙ ክርክር ሰምተናል። «ይሞቃል»፣ «አያሰማም»፣ «ፀጉሬን ያበላሻል» ይባላል። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው የመረመሩ ሰዎች ያገኙት፣ የራስ ቁር በሞተር አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ ራስ ላይ የመጎዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ነው። ነገር ግን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ለሚሄድ፣ ወይም የአገጩን ማሰሪያ ፈትቶ ለሚጋልብ ይህ ቁጥር አይሠራም። ያልታሰረ የራስ ቁር ከሰውየው ቀድሞ ነው የሚወድቀው። አንድ ጊዜ በኃይል የወደቀም ከውጭ ደኅና ቢመስል ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ተጨፍልቋልና አይታመንበትም። በኬንያ ሕግ ነጂውም ተሳፋሪውም የራስ ቁርና የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ማድረግ ግዴታቸው ነው፤ ከአንድ ተሳፋሪ በላይም አይጫንም። እኛ ጋ ሦስት ሰውና አንድ ፍየል የጫነ ሞተር አይተን ዝም እንላለን፤ ማዶ ይህን ይዞ መሄድ አይቻልም። ማዶ ያሉት ቦዳ ቦዳዎችም ሲተርፉ ይጭናሉ፣ ይህን አይተው እንዳይቀኑ። የዚህ ስም ነገር ያስቃል፤ ቦዳ ማለት ከእንግሊዝኛው የድንበር ስም የመጣ ነው። በኬንያና በዩጋንዳ መካከል ሰውን ከኬላ ወደ ኬላ በብስክሌት ያመላልሱ ከነበሩት ተነሥቶ ዛሬ የሞተረኛ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ለእናቶችና ለእኅቶች አንድ ነገር እንበል። ነጠላ፣ ሻሽ፣ ረጅም ሻርፕ ከኋላ እየተውለበለበ ሞተር ላይ መቀመጥ ያምራል፤ ነገር ግን ሰንሰለቱ ወይም ጎማው የያዘው ዕለት አንገት ነው የሚጎትተው። ጥብቅ ተደርጎ ከጃኬት ውስጥ ይግባ። እግርም ከጭስ ማውጫው ይራቅ፤ ከኋላ የሚቀመጡ ሰዎች ባት ላይ ያለውን ጠባሳ አይታችኋል።

ወረቀት ሌላው ነገር ነው። መንጃ ፈቃድ፣ የሞተሩ ሊብሬ፣ ፓስፖርት እንዳይረሳ። ኬላው ላይ ለሞተሩ የሚሰጠው ጊዜያዊ የመግቢያ ወረቀትም እስኪመለሱ ድረስ ይጠበቅ። ከሁሉ ግን አብዛኛው ሰው የማያውቀው ቢጫ ካርድ የሚባለውን ነው። እዚህ የምንገባው የሦስተኛ ወገን መድን ሞያሌ በር ላይ ያበቃል። ማዶ ሰው ቢገጩ የሚከፈለው በኮሜሳ አባል አገሮች መካከል በሚሠራው ቢጫ ካርድ ነው፤ ኢትዮጵያም ኬንያም በዚህ ውስጥ አሉበት። የሚገዛው ከመነሣት በፊት ከመድን ድርጅት ነው። የሞተሩን ስብራት አይከፍልም፤ ነገር ግን በሌላው ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት ይሸፍናል። ይህ ካርድ የሌለው ልጅ አንድ እግረኛ ቢገጭ ዕዳው የአባቱ በሬ፣ ከዚያም የእድሩ ሣጥን ይሆናል። ገንዘብ ያዣችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደ ተለወጠ ያያችሁ አላችሁ።

እንግዲህ ኮሚቴው የወሰነውን እንናገር። ጉዞውን አንከለክልም። ብንከለክል በሌሊት ተደብቀው እንደሚወጡ እናውቃለን፤ ሌሊት መውጣት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ነገር ግን ማኅበሩ «ልጆቻችን ናቸው» ብሎ እንዲቆምላቸው የሚፈልጉ ሁሉ ቢጫ ካርዱን ለኮሚቴው ያሳያሉ። ለሁለት ሰው ሁለት የራስ ቁር ይኖራቸዋል። ከንጋት በፊት አይነሡም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያደሩበትን ቦታ ስልክ ደውለው ይናገራሉ። ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው ተለይቶ ይያዛል፤ ጥማት ያዞረው ሰው ሰክሮ እንደሚነዳ ነውና። ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላና መለጠፊያ ሳይዙ ከዱብሉቅ በታች መውረድ የለም። ዳኞቹ ወላጆች ናቸው፤ «የኔ ልጅ ገና ነው» ያለች እናት ብትኖር ኮሚቴው ከእርሷ ጋር ነው።

አንድ አባት «ለምን በአውቶቡስ አይሄዱም?» ብለው ጠይቀዋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ለልጆቹ እንተወዋለን፤ እዚያ ከኋላ ተቀምጠዋልና አሁን ተነሥተው ይናገሩ።

ማሳሰቢያ፦ የፊታችን እሑድ ከረፋዱ በ4 ሰዓት ከእድሩ ስብሰባ በኋላ በሜዳው ላይ በኖራ መንገድ ተሠምሮ በግራ የመንዳት ልምምድ ይደረጋል። ተጓዦቹ ከነሞተራቸውና ከኋላ ከሚቀመጠው ሰው ጋር እንዲገኙ፤ ቀይ ጨርቁን ማኅበሩ ያቀርባል። ከብት ያላችሁ ጎረቤቶች በዚያ ሰዓት ከሜዳው እንድታርቁልን በአክብሮት እንለምናለን።