ቻኩ ሲወላገድ፦ የወፍጮ ሻፍት ተጠግኖ ለምን ቶሎ ይበላሻል?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





በእንዲህ ያለ መድረክ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ገበያ መነጋገር የተለመደ ነው። እኔ የብረት ሥራ ባለሙያ ስለሆንኩ የማነሳው ስለ አንድ የቶርኖ ዕቃ ነው። ስሙ ቻክ ይባላል፤ የሚጠረበውን ብረት በመንጋጋዎቹ ጨምድዶ ይዞ የሚያዞረው ክፍል ነው። ጉዳዩ የብረት ሠሪዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቻክ ሲወላገድ ወፍጮ ይቆማል፣ የውኃ ፓምፕ ይቆማል፤ ወጪው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከአባሉ ኪስ ይወጣል።

ጋምቤላ ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ ስትጠብቅ የኖረች ከተማ ናት። በቀድሞው ዘመን ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች እዚህ የሚደርሱት ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር። ዛሬ መንገድ ቢኖርም አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አዲስ ሻፍት ከዚያ ማስመጣት ጊዜም ገንዘብም ስለሚፈጅ፣ ያረጀውን በብየዳ ሞልቶ በቶርኖ ማስጠረብ ትክክለኛ አሠራር ነው። ችግሩ ተጠግኖ የመጣው ሻፍት ጥቂት ሠርቶ እንደገና ኩሽኔታ መብላት ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ ባለወፍጮው ኩሽኔታውን "ፎርጅድ ነው" ይላል፤ ባለቶርኖው ብየዳውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሻፍቱ የተጠረበበት ቻክ ሴንተር መልቀቁ ነው።

መወላገድ ማለት ምን ማለት ነው?

በቻክ የተያዘው ብረት የሚዞርበት መሐልና የራሱ የብረቱ መሐል አንድ ካልሆኑ ብረቱ ይወላገዳል። ይህ የሚለካው ዳያል ጌጅ በሚባል ባለሰዓት መለኪያ ነው። የመለኪያውን ጫፍ ብረቱ ላይ አሳርፈን ቻኩን በእጅ አንድ ዙር ስናዞረው መርፌው 0.20 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ፣ መሐሉ የሸሸው በግማሹ ማለትም በ0.10 ሚሊ ሜትር ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ግድም መሆኑን ስናስብ ነገሩ ኢምንት ይመስላል። በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ለሚዞር ሻፍት ግን እያንዳንዱ ዙር በኩሽኔታው ላይ እንደ መዶሻ ምት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። በደህና ሁኔታ ላይ የሚገኝ ባለሦስት መንጋጋ ቻክም ቢሆን ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ሊወላገድ ይችላል። ይህ የዕቃው ጠባይ ነው። ሥራው ከቻኩ ሳይወጣ ሁለቱም የኩሽኔታ መቀመጫዎች በአንድ አያያዝ ከተጠረቡ፣ ቻኩ ቢወላገድም ሁለቱ መቀመጫዎች እርስ በርሳቸው አንድ መሐል ይኖራቸዋል። ጥፋቱ የሚመጣው አንዱ ጫፍ ተጠርቦ፣ ሻፍቱ ተገልብጦ በዚያው ቻክ ሲያዝና ሌላው ጫፍ ሲጠረብ ነው። ስለዚህ ረጅም ሻፍት በሁለቱም ጫፎቹ መሐል ተበስቶ በሁለት ሴንተር መካከል ቢጠረብ ይመረጣል።

ችግሩን በቅደም ተከተል መፈለግ

ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ከተላቀቀ በኋላ ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሂድ።

አንደኛ፣ ጽዳት ነው። በመንጋጋ ሥር፣ በቻኩ ውስጥ ባለው ጠመዝማዛ ጥርስ ላይ፣ ቻኩ ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ፊት ላይ የገባች አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ብቻዋን ብዙ ታወላግዳለች። በእኛ አገር እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ዝገት ይጨምርበታል። መንጋጋዎቹ ተፈትተው ሲመለሱ 1፣ 2፣ 3 ተብለው የተቆጠሩት በየቁጥራቸው ቦታና በተራ መግባታቸው ይረጋገጥ።

ሁለተኛ፣ የሙከራው ብረት ራሱ ቀጥ ያለ መሆኑ ይታይ። መርፌው ከፍ ያለበት ቦታ ምልክት ይደረግበትና ብረቱ ተፈትቶ በቻኩ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ዙር ዞሮ እንደገና ይጠበቅ። ከፍታው ከብረቱ ምልክት ጋር ከሄደ ጠማማው ብረቱ ነው። በዚያው መንጋጋ በኩል ከቀረ ግን ጥፋቱ የቻኩ ወይም ከቻኩ በስተጀርባ ያለው ነው።

ሦስተኛ፣ ቻኩ ይውረድና ስፒንድሉ፣ ማለትም ቻኩን የሚያዞረው ዋናው ዘንግ፣ ይለካ። ቻኩ ሲወርድ በማሽኑ አልጋ ላይ ጣውላ ይነጠፍ። ንጹሕ የሆነው የስፒንድል አፍ ከ0.01 ሚሊ ሜትር ብዙም መብለጥ የለበትም። እዚያው ላይ የሚወላገድ ወይም በእንጨት ወደ ላይ ሲገፋ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ የስፒንድሉ ኩሽኔታዎች መጠበቅ ወይም መለወጥ አለባቸው። ይህ ሳይታይ አዲስ ቻክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

አራተኛ፣ ስፒንድሉ ደህና ከሆነ ባክ ፕሌት የሚባለው ቻኩ የሚታሰርበት ሰሌዳ በፊቱና በትከሻው ይለካ።

አምስተኛ፣ ቻኩ ተመልሶ ቀጥተኛ ብረት ይያዝና በሁለት ቦታ ይለካ፤ አንዴ መንጋጋው አጠገብ፣ አንዴ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ። ሁለቱ ንባቦች እኩል ከሆኑ ቻኩ ወደ ጎን ሸሽቷል። የሩቁ በጣም ከበለጠ ብረቱ ተጣሞ ተይዟል፤ መንጋጋዎቹ አፋቸው ላይ ተበልተው እንደ ደወል ተከፍተዋል ማለት ነው። በተለያየ ውፍረት ላይ የተለያየ ንባብ ከመጣ ደግሞ ጠመዝማዛው ጥርስ አርጅቷል።

ማስተካከያው

የባክ ፕሌቱ ፊት ከተወላገደ በራሱ ማሽን ላይ እንደታሰረ በቀጭኑ ይጠረባል። ቻኩ ወደ ጎን ከሸሸና በትከሻው ዙሪያ ጥቂት ክፍተት ካለ፣ ብሎኖቹ በመጠኑ ላላ ተደርገው ከፍ ባለው በኩል በለስላሳ መዶሻ ቀስ እያሉ እየመቱ በዳያል ጌጅ ማስተካከል፣ ከዚያም ብሎኖቹን በመስቀለኛ ማጥበቅ ነው።

መንጋጋን በድንጋይ መሞረድ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ሲሞረዱ መንጋጋዎቹ ሥራ እንደያዙ ሆነው በቀለበት ተወጥረው መጠበቅ አለባቸው፤ ላላ እንዳሉ ቢሞረዱ ሥራ ሲይዙ ተመልሰው ይወላገዳሉ። የድንጋዩ ብናኝ የማሽኑን አልጋ ስለሚበላ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን።

ትክክለኛ ሥራ ለሚፈልግ ሻፍት ግን ባለአራት መንጋጋ ቻክ መጠቀም ይሻላል። መንጋጋዎቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ ማንኛውም ባለሙያ ዳያል ጌጅ ካለው እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ድረስ ሊያስተካክልበት ይችላል። በሁለት ተቃራኒ መንጋጋዎች ላይ የተነበበው ልዩነት 0.20 ቢሆን፣ ሥራው በግማሹ በ0.10 ይገፋል። ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ምሥጢር የለውም።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አባላት ሻፍት ስትረከቡ በቀለም ማማር አትርኩ። ሻፍቱን በሁለቱ የኩሽኔታ መቀመጫዎቹ ላይ በቪ ቅርጽ በተበጀ ድጋፍ አስቀምጣችሁ፣ ፑሌጃው የሚገባበት ቦታ ላይ ሲዞር እንዲለካ ጠይቁ። ዳያል ጌጅ ከሌለ ከሻፍቱ ጎን የማይነቃነቅ የብረት ጫፍ አቁማችሁ፣ ክፍተቱን የሞተር ቫልቭ በሚስተካከልበት ፊለር ጌጅ እያዞራችሁ ለኩ። ጠባቡና ሰፊው ክፍተት በ0.10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከተለያየ ሻፍቱ ይመለስ።

ዩኒየኑና የሥራ ኃላፊዎች ደግሞ ለቶርኖ ቤት በጀት ስትይዙ አዲስ ማሽን ከማሰባችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን እንድታስቀድሙ አሳስባለሁ። እነርሱም ማግኔት መቆሚያ ያለው ዳያል ጌጅ፣ ቀጥተኛ የሙከራ ዘንግና ባለአራት መንጋጋ ቻክ ናቸው። ቶርኖው በየስንት ጊዜው እንደተለካና ንባቡ ስንት እንደነበር የሚጻፍበት ካርድም በማሽኑ ላይ ይንጠልጠል። ንባቡ ቀስ በቀስ ሲያድግ ብልሽቱ ሳይደርስ እናውቀዋለን፤ ጥገናውንም ክረምቱ ሳይገባ እንጨርሳለን።

ባሮ ከሞላና መንገዱ ከጨቀየ በኋላ ወፍጮ ሲቆም፣ እህል ተሸክመው ሩቅ የሚሄዱት እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ውኃው ሸሽቶ በወንዙ ዳር የሚዘራው በቆሎም ፓምፕ እስኪጠገን አይጠብቅም። በጥቂት ደቂቃ ልኬት የሚታወቅ ችግር የአንድ ወቅት ድካም እንዳይበላብን እንትጋ።