ልጆቻችን በዘፈን የሚሉንን እንስማ
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ በወጣቶች ኮሚቴ የቀረበ ንግግር፣ ናይሮቢ)



ስለ ቅዳሜው የሙዚቃ ክፍል እንድንናገር ስንጋበዝ ስለ ክራርና ስለ እስክስታ የምናወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኛ ግን የተነሣነው በየቤታችን በር ተዘግቶ፣ ኢርፎን ተሰክቶ ስለሚደመጠው ነገር ነው፤ ስለ ጉርምስና፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሥጋ ስሜት።

ነውር ነው የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ነገር ግን ባህላችን ስለዚህ ጉዳይ ዝም ብሎ አያውቅም፤ በዘፈን ተናገረው እንጂ። ፍልሰታ ሲፈታ በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ እያሉ ልጃገረዶች ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይዘፍናሉ፣ ጎረምሳውንም ያሞግሳሉ፣ ይነቅፋሉ። በጥምቀት ሎሚ ሲወረወር አባትና እናት እያዩ ነው። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ግን አሸንዳም ሎሚም አልደረሳቸውም። የደረሳቸው ስልክ ነው።

በቅዳሜው ክፍል እያንዳንዱ ልጅ የሚወደውን ዘፈን ያመጣል፤ አብረን ሰምተን እንነጋገርበታለን። «እኔ እንዲህ ይሰማኛል» ለማለት የሚያፍር ልጅ «ይህ ዘፋኝ እንዲህ ተሰምቶታል» ለማለት አያፍርም። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ፣ በዘፈን ውስጥ ሴቲቱ እምቢ ስትል ለምን እንደ እሺ ይቆጠርባታል ብላ ጠየቀችን። አዋቂዎቹ እርስ በርሳችን ተያየን። ያን ቀን ልምምድ አልተደረገም፤ ወንዶቹም ሴቶቹም ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚሁ ተከራከሩ።

ጥፋታችንንም መናገር አለብን። አንድ የ16 ዓመት ልጅ የአስቴር አወቀን ዘፈን መረጠ፤ «አንተ» የሚለውንም ወደ «አንቺ» ሳይለውጥ እንዳለ ዘፈነው። አዳራሹ ሳቀ። ከእኛ አንዱ «አንቺ በል እንጂ!» አለው። ልጁ ማይክራፎኑን አስቀምጦ ወጣ፤ ሁለት ወር አልተመለሰም።

ለምን እንደዚያ እንደዘፈነ አልጠየቅነውም፤ መገመትም የእኛ ሥራ አይደለም። ምናልባት ዘፈኑን አክብሮ ይሆናል። ሆኖም ስሜቱ እኛ ከጠበቅነው የተለየ ልጅ በመካከላችን ሊኖር እንደሚችል፣ እርሱም ከቤቱና ከማኅበሩ ቢሸሽ የሚሄድበት እንደሌለው ያን ቀን ገባን። አማርኛችን ወንድና ሴት ሳይለይ «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» አያሰኝም፤ በስዋሂሊ ግን ለሁለቱም ቃሉ አንድ ነው። ልጆቻችን የስዋሂሊ ዘፈን የሚያበዙት በዚህም ሳይሆን አይቀርም። «ማላይካ»ን ተመልከቱ። ማግባት ፈልጎ ገንዘብ ያጠረው የወጣት ወንድ ዘፈን ነው፤ ለዓለም ካስተዋወቁት አንዷ ግን ሴት ናት፣ ሚርያም ማኬባ። እ.ኤ.አ. በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ የዘፈነችው እርሷ ናት። የወንዱን ቃል ስትዘፍን ማን ሳቀባት?

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ለወጥን። ዘፈን እንደተጻፈ ይዘፈናል፣ የሚስቅ ይወጣል፤ ሕጉ ለእኛም ይሠራል። ደግሞም ዘፈን ስለ እርግዝናና ስለ አባለዘር በሽታ ትምህርት አይተካምና፣ ልጆቹ ስም ሳይጽፉ ጥያቄያቸውን በሣጥን ይከታሉ፤ ከአባሎቻችን አንዷ ነርስ ናት፣ በወሩ መጨረሻ ትመልሳለች። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በርካታ ድምፃውያን ስለ ኤች አይ ቪ በጋራ «ማለባበስ ይቅር» ሲሉ አጨብጭበን አልነበር? በገዛ ቤታችን ሲሆን ግን ማለባበሱን ቀጠልን።

ልጁን ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። እናቱ ቡና አፈሉ፤ ስለ ዘፈኑ አንድም ቃል አልተነሣም። በሦስተኛው ቅዳሜ ክራር ይዞ መጣ። ለጊዜው መዝፈን እንደማይፈልግ፣ መምታት ብቻ እንደሚፈልግ ነገረን። ክራር አንተም አንቺም አይልም።

ዛሬ ባቲ ቅኝት ይጫወትላችኋል። መድረኩን እንልቀቅለት።