ማስቲፍ፤ የግዙፉ ውሻ ጠባይና አያያዝ



ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ እንስሳ ቅርጹን ሳይለውጥ ቢገዝፍ ክብደቱ ከአጥንቱ አቅም በላይ እንደሚሆን አስረድቷል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ አጥንቱ ተቆርጦ ሲታይ ያለው ስፋት ግን አራት እጥፍ ብቻ ነው። ይህን ሕግ ምሰሶ የሚያቆም ሁሉ ያውቀዋል። ሕይወት ባለው አካል ላይ የሚያስከትለውን መከራ ለማየት ግን ማስቲፍ የተባለውን የእንግሊዝ ውሻ መመልከት ይበቃል።

ወንዱ ማስቲፍ እስከ ትከሻው 76 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ይቆማል፤ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 100 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ዞርባ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1989 በ155.6 ኪሎ ግራም ተመዝግቧል። እንዲህ ያለው መዝገብ ባለቤቱን ያስደስት ይሆናል፤ የውሻውን ጉልበት ግን አያስደስትም።

ጠባዩ እንደ መልኩ አያስፈራም። ከማስቲፍና ከቡልዶግ ተዳቅሎ የተገኘውን ቡልማስቲፍ ያረቡት፣ የባለ ርስቶችን አደን የሚጠብቁ የእንግሊዝ ዘበኞች ናቸው። ይፈልጉት የነበረውም ሳይጮኽ ደርሶ ሌባውን የሚጥልና ሳይቦጫጭቅ የሚይዝ ውሻ ነበር። ዛሬም የዚህ ወገን ውሻ ጩኸት አያበዛም፤ ለቤተሰቡም ገራም ነው። ሆኖም 80 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ «አይነካም» ተብሎ ያለ ሥልጠና አይተውም። በገመድ መሄድን መማር ያለበት ገና ቡችላ ሳለ፣ ሰው ሊያሸንፈው በሚችልበት ጊዜ ነው።

ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ያህል የነበረው ቡችላ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ50 ኪሎ ያልፋል። ብዙ ባለቤቶች አጥንቱ እንዲጠነክር ብለው ካልሲየም ይጨምሩለታል፤ ይህ በቅን ልቡና የሚፈጸም ትልቅ ስሕተት ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ የሚገባለትን ካልሲየም መጥኖ ለማስቀረት ስለማይችል፣ ትርፉ አጥንቱንና መገጣጠሚያውን ያበላሻል። ለግዙፍ ዘር የተመጠነ መኖ እየበላ፣ ሳይወፍር፣ ቀስ ብሎ ማደግ አለበት።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የጨጓራ መነፋትና መጠምዘዝ ነው። ደረታቸው ጥልቅ በሆነ ውሾች ጨጓራው በጋዝ ይነፋና ይዞራል፤ መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል፤ ደም ወደ ልብ መመለሱ ይታወካል። ውሻው ሊያስታውክ ይታገላል፣ ምንም አይወጣውም፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ መተኛት አቅቶት ይንጎራደዳል። ይህን አይቶ «ይንጋና አሳየዋለሁ» ያለ ሰው፣ ሲነጋ ውሻውን በሕይወት ላያገኘው ይችላል። የሚያድነው በሰዓታት ውስጥ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። ምግቡን አንድ ጊዜ ከመከመር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍሎ መስጠት ይረዳል። ሳህኑን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይጠቅማል ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የወጣ ጥናት ግን ከፍ ካለ ሳህን የሚመገቡት ይበልጥ በበሽታው መያዛቸውን አሳየ። በሽታው ሳይመጣ ሐኪሙ ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር ሊሰፋው ይችላል። መሐንዲስም ቢጠየቅ መልሱ ይኸው ነበር፤ የሚዞረውን ማሰር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከ10 ዓመት በላይ የሚኖር ማስቲፍ ጥቂት ነው። ቡችላ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የአባቱን ክብደት ከመጠየቁ በፊት የሁለቱንም ወላጆች የዳሌ ራጅ ይጠይቅ። ለማሳየት የሚያመነታ አርቢ ካጋጠመውም ገንዘቡን ይዞ ይመለስ።